ጭራዋ የጎደለባት ወፍ

ልጄ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የክፍሌን በር ከውጭ ትቆልፋለች። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ከመጀመሪያው በኋላ እጇ ትንሽ ይቆማል። ከዚያ ሁለተኛው ይመጣል፤ ከዚያ ኮቴዋ፤ ከዚያ የውጭው በር።

አልጮህም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቀን ጮኼ ነበር። ተቆልፎበት የሚጮህ ሽማግሌ የሰማ ሰው፣ እንኳን ቆለፉበት ከማለት በቀር ምን ይላል? ተውኩት።

ክፍሉ አልጋና ወንበር አለው። በጎኑ መታጠቢያ ቤት አለው። ምሳዬ በምሳ ዕቃ፣ ሻዬ በፔርሙስ ይቀመጥልኛል። አልጋው ሥር የድሮ የሥራ ሣጥኔ አለ። ምን ጎደለህ ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። በሩ ብቻ ነው።

ቀለም ቀቢ ነበርኩ። እጄ መሰላል መያዝ እስኪያቅተው ድረስ የሰው ግድግዳ ስቀባ ኖሬያለሁ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ዓይኔ ግን የተማረ ነበር። ቀቢዎቹ ሁለት ጣሳ ነጭ ጎን ለጎን አስቀምጠው መለየት ሲያቅታቸው «እስቲ ዓይኑን ጥሩት» ይሉ ነበር። ዓይኑ እኔ ነኝ። በስሜ የሚጠራኝ ሰው እምብዛም አልነበረም።

የተቆለፈብኝ በምድጃው ሰበብ ነው። የጋዝ ምድጃ ነው። ሻይ አፈላሁ፣ ማንቆርቆሪያውን አወረድኩ፣ ማዞሪያውን አዞርኩ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እሳት የለም። ሄጄ ተቀመጥኩ። ልጄ ስትመጣ እሳቱ እየነደደ አገኘችው። አንድ ጊዜ ቢሆን ሰው ይረሳል ተብሎ ይታለፋል። ደገመኝ። በሌላ ቀን ደግሞ አጠገቡ የነበረው የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ተያያዘ፤ ግድግዳው ላይ ጥቁር ምላስ ተሳለ። ልጄ ደርሳ ውኃ ደፋችበት። አልተቆጣችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ አልዘጋኸውም እኮ።»

«ዘግቻለሁ። ጠፍቶ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ምኑን ነው ያየኸው?»

«መጥፋቱን።»

ከዚያ የአውቶቡሱ ነገር መጣ። በእኛ በኩል የሚያልፈው አውቶቡስ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው። ሰማያዊ መስመር ያለው ወደ ሌላ ዳር ይሄዳል። ፀጉሬን ተስተካክዬ ስመለስ በሌላው ተሳፈርኩ፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወሰደኝ። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ራሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ባልደረባው ደውሎለት ሊወስደኝ መጣ።

«አባባ፣ ሰማያዊ እኮ ነው» አለኝ። «ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል።»

«አረንጓዴ ነበር።»

ክንዴን ያዘ። ከዚያ በፊት ክንዴን ይዞኝ አያውቅም።

በማግስቱ ልጄ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። «ምነው ጥቁር ለበስሽ? ማን ሞተ?» አልኳት። ቆማ አየችኝ። ወደ መኝታ ቤቷ ተመለሰች፤ ስትወጣ አሮጌውን ለብሳለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ጃጅቷል የሚለውን ቃል ማንም ከአፉ አላወጣውም። ግን ቃሉ ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ነበር። ሁላችንም ዞር እያልን እናልፈው ነበር። በመጨረሻ አማቼ ለክፍሌ በር አዲስ ቁልፍ ገጠመ። ምድጃውም መንገዱም እንዳያገኘኝ።

«ለጊዜው ነው» አለች ልጄ።

«ዕድሜም ለጊዜው ነው» አልኳት።

መስኮቴ የብረት ፍርግርግ አለው። ከፍርግርጉ ማዶ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ አንዱ ቅርንጫፍ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከዛፉ ሥር ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አውጥቶ ይሠራል። ላውንደሪ የምትሠራው ልጄ አንዳንዴ ዚፑ የተበላሸ ሱሪ ታመጣለታለች። ዕድሜው ከኔ ያንሳል፤ ምላሱ ግን አያንስም። ጠዋት ጠዋት ከታች ይጮህልኛል።

«ጋሼ ቀለም! እንዴት አደሩ?»

«እንደ ወፍ።»

«ቅርንጫፍ ላይ ነው ወይስ ብረት ውስጥ?»

«ያን ምላስህን በመቀስህ ብትቆርጠው ምናለበት?»

«መቀሴ ይዶለዱማል ብዬ እኮ ነው!»

ሌላ የማወራው ሰው ስለሌለኝ ወፍ ማየት አስተማርኩት። እኔም የጀመርኩት ከተቆለፈብኝ ወዲህ ነው። ሕግ አወጣሁለት። መጀመሪያ ቀለሙን ያያል፤ ቀጥሎ ምንቃሩን፤ ቀጥሎ ጭራውን፤ መጨረሻ ላይ አካሄዱን። ቀለሙ ካልገጠመ ወደሚቀጥለው መሄድ ልፋት ነው አልኩት። ግድግዳም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ነው።

ጎበዝ ተማሪ ወጣው። መኪናውን እያቆመ ቀና ይላል።

«ይቺ ድንቢጥ አገጯ ሥር ጥቁር መሐረብ አስራለች።»

«እሱ ወንዱ ነው። ሴቷ መሐረብ የላትም።»

«ታዲያ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነዋ?»

«መሐረቡን ያሰረችለት እሷ ትሆናለች።»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ርግብ የምትመስለውን ዋኔ በአንገቷ ግማሽ ቀለበት ለየናት። ጭራዋን ስትወዘውዝ የምትውለውን ጥቁርና ነጭ ወፍ «እሰሩኝ» አላት፤ ለልብስ ልክ ሲለካ ዝም ብለው የማይቆሙለት ደንበኞች አሉት፣ እነሱን ትመስላለች አለ። ቢጫው ወፍ ፊቱ ላይ ጥቁር ጭምብል አለው። የሌላውን ጎጆ ሣር እየመዘዘ ሲወስድ አይተን «ሌባው» አልነው። ሚስቱ ገለባ ትመስላለች፤ ጎጆውን ካልወደደችው ታፈርሰዋለች።

ከሁሉ የምወዳት አመዶ ነበረች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከዋኔ ጥቂት ታንሳለች። አመድ የነሰነሱባት ትመስላለች፤ ቀኑ ሲደምን ደግሞ ትጠቁራለች። እንደ ድንቢጥ አትዘልም። ቅርንጫፉ ላይ እግሯን እያፈራረቀች እንደ ሰው ትራመዳለች። ዓይኗ ፈዛዛ ነው፤ ዙሪያውን ያየችው ነገር ሁሉ የገረማት ያስመስላታል። ከጭራዋ መሐል አንድ ላባ ጎድሏታል። መስታወቱ ድረስ መጥታ ታየኛለች። እኔም አያታለሁ። ከሁለታችን የቱ ነው የተቆለፈበት እንደምትል እገምታለሁ።

ችግሩ ሰፊው አመዶን አይቷት አያውቅም። እሱ ደግሞ የራሱ ወፍ ነበረችው።

«ጋሼ ቀለም! ሰማያዊዋ መጣች!»

«የቷ ሰማያዊ?»

«ውይ! እንደ ሐር የምታብረቀርቀው! ፀሐይ ሲያርፍባትማ ዓይን ትወጋለች። ያው እርስዎ መስኮት አጠገብ!»

ፈለግኩ። «የለችም። አመዶ ብቻ ናት።»

«ኧረ ምን አመዶ? አመድ የሚመስል ወፍ በዚህ ዛፍ ላይ የለም።»

«አንተ ክር ላይ ተተክለህ ትውላለህ፤ ምን ታያለህ?»

«እርስዎ የሚያዩት ወፍ ገና አልተፈለፈለም!»

በየቀኑ እንደዚህ ነበር። እሱ ለኔ ሰማያዊ ወፍ ይምልልኛል፤ እኔ ለሱ አመድ ወፍ። ሁለታችንም ቀለም ላይ ቆመን ቀረን። ሕጉ የኔ ነው፤ ቀለሙ ካልገጠመ ምንቃር ማየት ልፋት ነው።

ያን ሰሞን መስታወቱን አብዝቼ አጥብ ነበር። ጭጋግ የያዘው ይመስለኛል። በመሐረቤ እወለውለዋለሁ፤ አይለቅም። የክፍሉም ግድግዳ ወይቧል። ነጭ ብለው የቀቡት እንደ ቅቤ ሆኗል። የዛሬ ቀለም ርካሽ ነው እያልኩ ለብቻዬ እሳደባለሁ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልጄ በሬን ከፍታ ገባች። ወትሮ ቆማ ነው የምታናግረኝ። ያን ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇ የሞቀ ልብስ ይሸታል፤ ካውያ የያዘ እጅ ነው።

«አባዬ፣ አመዶ ማናት?»

«ወፍ ናት።»

«የት ነው ያለችው?»

«እዚህ ዛፍ ላይ።»

«ሰፊው የለችም ይላል። ሱሪ ልሰጠው ሄጄ እየሳቀ ነገረኝ። አባትሽ የሌለች ወፍ ያያሉ አለኝ።»

«ቀልዱን ነው።»

«እሱማ ቀልዱን ነው» አለች። አልሳቀችም።

ጣቶቿን እርስ በርስ አቆላልፋ ቆየች። ልጅ ሳለች ዕቃ ሰብራ ልትነግረኝ ስትመጣ እንደዚያ ታደርግ ነበር።

«አንድ ቤት አይተናል» አለች። «አረጋውያን የሚኖሩበት ነው። ግቢው ሰፊ ነው። ሐኪም አለው። ሰው ቀኑን ሙሉ አብሮህ ይሆናል።»

«በር አለው?»

«አለው።»

«ማን ነው የሚከፍተው?»

ብርድ ልብሴን ማስተካከል ጀመረች።

«አባዬ፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ልቤ እዚህ ነው። አንድ ቀን እመጣና በሩን ስከፍት...» ልትጨርሰው አልቻለችም። «ወሩ ሲያልቅ ቦታ ይለቀቃል ብለውናል።»

እዚያ ቤት ቦታ እንዴት እንደሚለቀቅ አልጠየቅኳትም።

ያን ሌሊት የቀባኋቸውን ቤቶች በሐሳቤ ዞርኩ። የትኛው ሳሎን ምን ዓይነት ነበር፣ ባለቤቷ ምን አለች፣ ስቱኮው የት ላይ ተሰነጠቀ። ሁሉም አለ። አንድም አልጠፋብኝም። ግን ይህ ምን ማስረጃ ነው? የድሮው ይቀራል፤ የዛሬው ነው የሚጠፋው ይላሉ። እሳት ሳይጠፋ ጠፍቷል ያልኩት እኔ ነኝ። የሌለች ወፍ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ልጄ እውነቷን ከሆነስ አልኩ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። መቆለፉን ለምጄው ነበር፤ በገዛ ራሴ ላይ እኔው መቆለፍ ስጀምር ግን አየሩ አጠረኝ።

ጠዋት ሰፊው ጮኸ። «ጋሼ ቀለም! እንዴት አደሩ?»

አልመለስኩለትም።

«ጋሼ ቀለም! ኧረ ምን አደረግኩ?»

ፍርግርጉን ያዝኩ። «ለልጄ ምንድነው የነገርካት?»

«መቼ?»

«አባትሽ የሌለች ወፍ ያያሉ አላልካትም?»

«ልጫወት ብዬ እኮ ነው! ምነው፣ ከፋት?»

«ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ይወስዱኛል። ጃጅቷል ብለው። ያንተን ጨዋታ ምስክር አደረገችው።»

መርፌው በእጁ እንዳለ ቆመ። የጨርቅ ቁራጭ ከጉልበቱ ወደቀ፤ አላነሳውም።

«እኔን ይድፋኝ» አለ። «ምሽት ላይ ስትመጣ እነግራታለሁ። ውሸቴን ነው፣ አመዶን እኔም አይቻታለሁ እላታለሁ።»

«አይተሃታል?»

«...አላየኋትም።»

«እንግዲያው አትዋሽ።»

ይህን እየተባባልን ሳለ አመዶ መጣች። ቅርንጫፉ ላይ አረፈች፤ ወደ መስታወቱ ተራመደች። ሰፊውም ቀና ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ያቻትና ሰማያዊዋ!» አለ። ድምፁ የለቅሶ ያህል ነበር። «እግዜር ያሳይዎት፣ አፍንጫዎ ሥር ናት!»

አፍንጫዬ ሥር አንድ ወፍ ብቻ ናት። ቅርንጫፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። ሌላ ወፍ የለም።

«ሰፊው። ቀለሙን ተወው። ዓይኗ እንዴት ነው?»

«ነጭ ነው። የደነገጠች ትመስላለች።»

«አሁን ምን እያደረገች ነው?»

«እየሄደች ነው።»

«ትዘላለች ወይስ ትራመዳለች?»

«ትራመዳለች።»

«ጭራዋን እየው።»

ዓይኑን በመዳፉ ከለለ። «ከመሐል አንድ ላባ ጎድሏታል። ልክ እንደ ተከፈተ መቀስ።»

ወፏ መስታወቱን አንድ ጊዜ በምንቃሯ ነካችና በረረች።

«ጋሼ» አለ ሰፊው ቀስ ብሎ። ከዚያ በፊት ጋሼ ብቻ ብሎኝ አያውቅም። «ሰማያዊ እኮ ናት።»

ከአልጋው ሥር ሣጥኔን ጎተትኩ። ከግንበኞች ጋር ስሠራ የቀረኝ ቱንቢ፣ የግድግዳ ቀጥታ መለኪያ፣ አለ፤ ጫፉ ላይ ብረት ያለው ገመዱ ረጅም ነው። ብረቱን በፍርግርጉ መሐል አሾልኬ ወደ ታች ለቀቅኩት።

«ጨርቅ ላክልኝ» አልኩ። «አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ግራጫ። በመዳሰስ እንዳልለይ፣ ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ይሁን።»

ከረጢቱን ሲበረብር ብዙ ቆየ። ቋጠረልኝ፤ ሳብኩት። አንሶላዬን ዘረጋሁና ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ቀለም ስናስተያይ ሁልጊዜ ነጭ ላይ ነው። ወደ መስኮቱ አቀረብኳቸው። አራቅኳቸው። አንዱን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሌላውን ጨፈንኩ። አንዱ ምናልባት ትንሽ ይጠቁር ይሆናል። ሁለቱም አመድ ናቸው።

«የትኛው ነው?» አለ ሰፊው ከታች።

ዕጣ እንደሚጥል ሰው አንዱን ላነሳ ቃጣኝ። ግማሽ ዕድል አለኝ። ቢሳካልኝ ዓይኑ ሆኜ እቀጥላለሁ። ማንም አያውቅም።

«አላውቀውም» አልኩ።

ይህን ቃል ስለ ቀለም ተጠይቄ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ሰፊው በደስታ ዘለለ። «የዓይን ሞራ ነው! እናቴን ይዟት ነበር፤ ቢጫ መጋረጃ የጋረዱብኝ ይመስለኛል ትል ነበር። ሐኪም ገፈፈላት! ጋሼ ቀለም፣ አልጃጁም እኮ! ዓይንዎ ነው!»

የምሥራች እንደያዘ ሰው ነው የጮኸው። የምሥራች ነበርም። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ሲደክም መሰላሉን ሰጠሁ፤ ጉልበቴ ሲደክም ብሩሹን ሰጠሁ። ዓይኔ ቀርቶኛል እል ነበር። ከዚህ ክፍል ለመውጣት እሱንም መስጠት ሊኖርብኝ ነው።

ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አሰብኩት። የጋዝ እሳት ምን ዓይነት ነው? ሰማያዊ ነው፤ ያውም ዝቅ ሲል ስስ ሰማያዊ። የአውቶቡሱ መስመር። የልጄ ቀሚስ። የወየበው ግድግዳ፣ የማይጠራው መስታወት። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ሳላደርሰው ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የማላየው እሳት ጠፍቷል ብዬ ተነሣሁ። አልረሳሁም ነበር። በዓይኔ አምኜ ነው።

«ስትመጣ እኔ ልንገራት?» አለ ሰፊው።

«አይሆንም። የሚነግራት ዓይኑ ነው።»

ልጄና አማቼ ያን ቀን አብረው ገቡ። በሬ ሲከፈት ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«ወጥ ቤት እንሂድ» አልኩ።

ተያዩ። አማቼ እንደ ልማዱ ክንዴን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ ገለል አልኩበት። የማታ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ምድጃው ላይ ተኝታ ነበር። ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

«ምድጃውን አብሪው ወይ ተይው። ካበራሽው ዝቅ አድርጊው። ያደረግሽውን አትንገሪኝ።»

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«እሺ በይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ጥቂት ቆየች። «በቃ» አለች።

ዞሬ ጎንበስ አልኩ። ከልቤ አየሁ። እሳት የለም።

«አላበራሽውም» አልኩ።

እጄን ወደ ምድጃው ሰደድኩ። መዳፌ ሞቀ። ልጄ እጄን ቀልባ ወደ ኋላ ሳበችው።

«በርቷል አባዬ» አለች። «እየነደደ ነው። አይታይህም?»

«አይታየኝም። ያኔም አልታየኝ ይሆናል።» ሁለቱን ቁራጮች ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸው። «እነዚህንም አልለያቸውም። አንዱ ሰማያዊ ነው አሉኝ። አመዶ የሌለች ወፍ አይደለችም። ሰማያዊ ናት። እኔ ነኝ ሰማያዊ የሌለኝ።»

ልጄ ቁራጮቹን አነሳች። ቀለም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባዶ ጣሳዎቼን እየደረደርኩ፣ ይሄ ምንድነው፣ ይሄስ እያልኩ። አፏን በእጇ ያዘች።

«ስለዚህ አውቶቡሱም...» አለ አማቼ።

«አረንጓዴ ነበር አላልኩህም? በእኔ በኩል አሁንም አረንጓዴ ነው።»

መሳቅ ይሁን ማዘን ቸግሮት አንገቱን አከከ። «ሕፃን ልጅ ይለየዋል ብዬዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

«ሕፃን ልጅማ ይለየዋል።»

ልጄ ምድጃውን አጠፋች። እንደገና አየችው፤ እንደገና ማዞሪያውን ነካካች። «ያ ቀሚሴ ጥቁር አልነበረም» አለች።

«አሁን ገባኝ። ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር ሰማያዊ።»

«ልበሺውና አምሮብሻል ልበልሽ። እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቂኝ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ሳቅም ነበረበት።

«ለዚያ ቤት ሰዎች ነገ እደውላለሁ» አለች ፊቷን እየጠረገች።

«ምን ልትያቸው?»

«ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡ። ከዚያ የዓይን ሐኪም ጋ እደውላለሁ።»

እራት በላን። ስለ በሩ ማንም አላነሳም። እኔም አልጠየቅኩም። የፈራ ሰው በአንድ ቀን ፍርሃቱ አይለቀውም፤ ምድጃው ያው ምድጃ ነው፣ እኔም ያው እኔ ነኝ። ሐኪም እስኪያየኝ ድረስ ልትቆልፍብኝ እንደምትችል አውቄ ተኛሁ።

ጠዋት በዝግ በር ውስጥ ሆኜ ኮቴዋን ሰማሁ። በሬ ላይ ቆመች። የቁልፎቿ ድምፅ ተሰማኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ኮቴዋ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ። አንድ ነገር ጠቅ አለ። ደግሞ ጠቅ፤ ደግሞ ጠቅ። ከዚያ የውጭው በር ተዘጋ።

ቶሎ አልተነሳሁም። ምናልባት ቁልፉን ሳልሰማው ይሆናል አልኩ። ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ እጀታውን ያዝኩ። ወረደ። በሩ ተከፈተ።

አማቼ የከሰዓት ተረኛ ነበር። ወጥ ቤት መሐል ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሟል።

«አባባ፣ የምድጃው ማዞሪያዎች የት ሄዱ?»

አየሁት። ምድጃው ፊቱ ላይ ማዞሪያ የሚባል የለም፤ ብረቶቹ ብቻ አግጥጠዋል። ሁሉንም ነቅላ ወስዳቸዋለች።

«ሚስትህ ቦርሳ ውስጥ።»

«ሻይ አምሮኝ ነበር እኮ!»

«ይልመድብህ። እኔ ስንት ጊዜ ከፔርሙስ ጠጥቻለሁ።»

ደረጃውን ግድግዳ እየያዝኩ ወረድኩ። ሰፊው ሲያየኝ መርፌውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ተነሣ። መናገር ስላልቻለ ወንበሩን ብቻ ገፋልኝ። ተቀመጥኩ። ከተቆለፈብኝ ወዲህ ዛፉን ከሥር አይቼው አላውቅም ነበር። መስኮቴም ይታያል። ከዚህ ሲያዩት ትንሽ ነው።

አመዶ መሬት ወርዳ በጨርቅ ቁራጮቹ መሐል የምትበላውን ትፈልግ ነበር። ከእግሬ ብዙም አትርቅም። ሰፊው መርፌውን ከአፉ አወጣ።

«ዛሬስ ምን ትመስላለች?»

«አመድ።»

«ሐኪሙ ሞራውን ከገፈፈልዎት በኋላስ?»

«እንጃ» አልኩት። «እንደምትራመድ ግን አውቃለሁ።»